ይደርቃል፣ ይመለሳል፦ ብረት ላይ ስለተጣበቀ ኢንፌክሽን

ጥያቄ፦ «የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ የግራ እግሬ ቅልጥም ተሰብሮ ፕሌትና ብሎን ገብቶልኛል። ከአራት ወር በኋላ ጠባሳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍታ መግል ማውጣት ጀመረች። እስካሁን አምስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ። በወሰድኩ ቁጥር ይደርቃል፤ ካቆምኩ በሦስት ሳምንት ይመለሳል። ከቀዳዳዋ የተወሰደው መግል ሲመረመር ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ተገኝቷል። የወሰድኩት መድኃኒትም እንደሚገድለው ውጤቱ ላይ ተጽፏል። ታዲያ ለምን አልዳንኩም? ባዮፊልም ስለሚባል ነገር አንብቤ፣ እሱን ያፈርሳሉ የተባሉ የኢንዛይምና የነጭ ሽንኩርት እንክብሎች ልጀምር እያሰብኩ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ሪፋምፒሲን ብቻውን ብትወስድ ይነቅለዋል ይለኛል። አጥንቱ ገጥሟል ተብያለሁ፤ እራመዳለሁ። ስኳር የለብኝም፤ ሲጋራ ግን አጨሳለሁ። የትኛውን ጠንካራ መድኃኒት ልውሰድ?»

ምላሽ፦

ስድስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ አይጀምሩ። የሚያስፈልግዎት ብረቱን የሚያወጣና አጥንቱን የሚያጸዳ ቀዶ ሕክምና ነው። መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለምን ይህን ያህል በእርግጠኝነት እንደምናገር ላስረዳዎት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። «የትኛውን ጠንካራ መድኃኒት?» ሲሉ፣ ባክቴሪያው እስካሁን የወሰዷቸውን መድኃኒቶች አሸንፏቸዋል ብለው እያሰቡ ነው። አላሸነፋቸውም። ላቦራቶሪውም አልተሳሳተም። ችግሩ ላቦራቶሪው የመለሰው ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው። እዚያ ባክቴሪያው ምግብ በሞላበት ማሳደጊያ ላይ፣ ያለ ምንም ከለላ፣ በፍጥነት እየተባዛ ሳለ ነው መድኃኒቱ የሚቀርብለት። እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ መግደል ቀላል ነው።

እግርዎ ውስጥ ያለው ግን ኑሮው ሌላ ነው። ብረቱ ላይ ተጣብቋል። ከራሱ ባወጣው ስኳር፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ የሚያዳልጥ ሽፋን ሠርቶ፣ ከሽፋኑ ሥር ተደራርቦ ይኖራል። ባዮፊልም የሚባለው ይኸው ነው። ጠዋት ጥርስዎን ሳይቦርሹ በምላስዎ ሲነኩት ሙልጭልጭ የሚለው ነገርም ባዮፊልም ነው። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዉወንሁክ በ1680ዎቹ ይህንኑ የጥርስ ቆሻሻ ራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ጥርሱን በኮምጣጤ ሲያጥብ የሞቱት ከላይ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ብቻ እንደሆኑ፣ ኮምጣጤው ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዳልገባ ጽፏል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እንደ እርስዎ ያሉ ታካሚዎቼ ትዝ ይሉኛል።

ሆኖም ባዮፊልምን እንደ ግንብ ብቻ ማሰብ ያሳስታል። «ግንቡ ከፈረሰ መድኃኒቱ ይገባል» የሚለው ሐሳብ ነው ሰውን ወደ ኢንዛይሙና ወደ ነጭ ሽንኩርቱ የሚወስደው። እውነቱ ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ቢዘገዩም ሽፋኑን አልፈው መግባታቸው ነው። ዋናው ችግር የሚጠብቃቸው ከገቡ በኋላ ነው። ከታች ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብና ኦክስጅን በደንብ ስለማይደርሳቸው መባዛት ያቆማሉ። ይተኛሉ ማለት ይቻላል። የፔኒሲሊን ዘመዶች የሚገድሉት ደግሞ ባክቴሪያው የራሱን ግድግዳ እየሠራ ሳለ ሥራውን በማበላሸት ነው። ምንም እየሠራ ካልሆነ የሚበላሽበት ነገር የለም። እንደ ጄንታማይሲን ያሉት ደግሞ ወደ ባክቴሪያው ውስጥ ለመግባት ራሱ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1944 ጆሴፍ ቢገር የተባለ ሐኪም ስታፊሎኮከስ ላይ ፔኒሲሊን ጨምሮ፣ ሁሌም ጥቂቶች ሳይሞቱ እንደሚቀሩ አየ። እነዚያን ለይቶ እንደገና ሲያራባቸው ልጆቻቸው እንደ መጀመሪያዎቹ በፔኒሲሊን አለቁ። ዘራቸው አልተለወጠም፤ መድኃኒት አልተላመዱም። መድኃኒቱ ሲመጣ ተኝተው ነበር፣ በቃ። መድኃኒት መላመድና ተኝቶ ማለፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእርስዎ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«እንግዲያው መጠኑን እንጨምር» ቢሉ አያዋጣም። ባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ተንሳፋፊውን ከሚገድለው መጠን 100 እጥፍ፣ አንዳንዴም 1,000 እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። ያን ያህል መድኃኒት በደም ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ባክቴሪያው ከመሞቱ በፊት ኩላሊትዎ ወይም ነርቭዎ ይጎዳል።

አሁን ቁስሉ ለምን እየደረቀ እንደሚመለስ ግልጽ ይሆናል። ከባዮፊልሙ በየጊዜው ተገንጥለው የሚወጡ ባክቴሪያዎች አሉ። መግሉን የሚያስነሱት በዋናነት እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ እነዚህን በደንብ ይገድላል፤ ስለዚህ ቀዳዳዋ ትደርቃለች። መድኃኒቱ በእርግጥ ሠርቷል፣ የሠራው ግን ደጅ በወጡት ላይ ብቻ ነው። ሲያቆሙ የተኙት ይነቃሉ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ መግሉ ይመለሳል። አምስቱም ዙር ያለቀው በዚሁ መንገድ ነው። ስድስተኛው የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የሚጨምረው ነገር ቢኖር፣ በየዙሩ ባክቴሪያው መድኃኒቱን በእውነት የሚላመድበትን ዕድል ነው። ያኔ ሁለቱም ችግሮች አንድ ላይ ይመጡብዎታል።

የሰውነት መከላከያስ? እሱም ብረቱ ላይ ይቸገራል። ብረት ደም ስር የለውም። ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ደርሰው የተጣበቀውን ለመዋጥ ይሞክራሉ፤ አይነቀልላቸውም። በውስጣቸው የያዙትን የሚያቃጥል ኬሚካል ዙሪያውን ያፈሱታል። በዚህ የሚጎዳው የራስዎ ሥጋና አጥንት ነው። ባዕድ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲኖር ነገሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳይ አንድ የ1957 ጥናት አለ። ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በበጎ ፈቃደኞች ቆዳ ውስጥ ስታፊሎኮከስ አስገቡ። መግል ለመያዝ ሚሊዮኖች ባክቴሪያዎች ያስፈልጉ ነበር። ቆዳው ላይ አንድ የሐር ክር ስፌት ሲጨመር ግን መቶዎቹ በቂ ሆኑ። አንዲት ክር ይህን ካደረገች፣ ፕሌትና ብሎን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይገምቱ።

ከብረቱ ሌላ አንድ መደበቂያ አለ፤ የሞተ አጥንት። ኢንፌክሽኑ ሲቆይ ከአጥንቱ ከፊሉ ደም አጥቶ ይሞታል። ሕያው አጥንት መሃል ተነጥሎ የተቀመጠ ስብርባሪ ይሆናል። ደም ስለማይደርሰው መድኃኒትም አይደርሰውም። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ደግሞ አጥንት ውስጥ ባሉ እጅግ ቀጫጭን ቦዮች ዘልቆ መግባት ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ብረቱን አውጥቶ ብቻ ቢዘጋ አይበቃም። የሞተውን አጥንት ሁሉ፣ ደም የሚያወጣ ሕያው አጥንት እስኪታይ ድረስ መጥረግ አለበት። የመግሉ መንገድም ከነግድግዳው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ባዶ ቦታ በአንቲባዮቲክ የተለወሰ ሲሚንቶ ወይም በጊዜ በሚሟሟ ነገር ይሞላል። ከላዩ በጥሩ ሥጋና ቆዳ ይሸፈናል። ሥጋው ካነሰ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ አብሮ ይግባ። እዚህ ላይ የሚደረግ ቁጠባ በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ብረቱን ማውጣት የሚቻለው ግን አጥንቱ በእውነት ከገጠመ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እጠራጠራለሁ። መራመድዎ ማስረጃ አይሆንም፤ ክብደትዎን የተሸከመው ብረቱ ሊሆን ይችላል። ራጅም ብረቱ ስለሚሸፍነው አንዳንዴ ያታልላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲቲ ስካን ይነሱ። የገጠመውን ቦታም፣ የሞተውን አጥንትም ያሳያል። አጥንቱ ካልገጠመ ስሌቱ ይቀየራል። የሚነቃነቅ ስብራት ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል። በዚያ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ፕሌቱ ጠብቆ የያዘ ከሆነ አካባቢውን አጽድቶ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ኢንፌክሽኑን በመድኃኒት አፍኖ መቆየትና ከዚያ ማውጣት ነው። ሁለተኛው፣ ፕሌቱ ከላላ አውጥቶ እግሩን ከውጭ በሚታሰር ብረት መደገፍ ነው። የላላ ብረት ይዞ መድኃኒት መዋጥ ግን የትም አያደርስም።

ሰው ሠራሽ ዳሌ ወይም ጉልበት ያላችሁ አንባቢዎች ይህን እንዳለ ለራሳችሁ አትውሰዱት። የእናንተ ብረት አጥንት እስኪገጥም ብቻ የሚቆይ ስላልሆነ ውሳኔው ከባድ ነው። ጊዜ ወሳኝ ነው፤ ምልክቱ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ካልሞላውና መገጣጠሚያው ካልላላ፣ ውስጡን አጥቦና ተነቃይ ክፍሎቹን ቀይሮ ዋናውን ማዳን ይቻል ይሆናል። ከቆየ ግን አብዛኛውን ጊዜ መለወጥ አለበት። በእነዚህ ታካሚዎች ላይ በፈረንሳይ ተሠርቶ በ2021 የወጣ ጥናት 6 ሳምንት መድኃኒት ከ12 ሳምንት ጋር እኩል እንዳልሆነ አሳይቷል። ኢንፌክሽኑ ያልለቀቃቸው በ6 ሳምንቱ 18.1 በመቶ፣ በ12 ሳምንቱ 9.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ኦፕሬሽን የተደረገበት መገጣጠሚያ ከቀላና ፈሳሽ ካወጣ ክኒን እየዋጡ አይጠብቁ። በዚያው ሳምንት ይታዩ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ከቀዳዳዋ የተወሰደውን የመግል ምርመራ ብዙም አይደገፉበት። ቀዳዳዋ ላይ የቆዳ ባክቴሪያዎችና ሌሎች መንገደኞች ይሰፍራሉ። የተገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ሲሆን ከውስጠኛው ጋር የመመሳሰል ዕድሉ ከሌሎቹ የተሻለ ነው። ግን አብሮት ሌላ ማን እንዳለ አይነግረንም። ትክክለኛው ናሙና ኦፕሬሽን ላይ ከጥልቅ ቦታ፣ ከአጥንቱና ከብረቱ አካባቢ፣ በተለያየ ንጹሕ መሣሪያ የሚወሰድ ነው። አምስት ያህል ይሁን። አንድ ናሙና ላይ ብቻ የወጣ ባክቴሪያ ከቆዳ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ላይ አንድ ዓይነት ከወጣ እናምነዋለን። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ላቦራቶሪው ናሙናውን እስከ 14 ቀን እንዲያቆየው ይጠየቅ። የቲቢ ምርመራም ይታከልበት። የአጥንት ቲቢም እንዲህ እየደረቀ የሚመለስ ቀዳዳ ሊያወጣ ይችላል።

ናሙናው ዋጋ እንዲኖረው ከኦፕሬሽኑ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያለ አንቲባዮቲክ መቆየት ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ታካሚዎችን ያስፈራል። መግሉ ይጨምር ይሆናል። በቀዳዳው እየወጣ እስከሆነ፣ ትኩሳት እስከሌለ ድረስ፣ መጠበቁ በሕይወት ላይ አደጋ አያመጣም። ግን ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ፣ መቅላቱ ወደ ላይ ከተስፋፋ ወይም ራስዎን መሳት ከጀመሩ፣ ይህ ምክር ይቀራል። ያኔ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መድኃኒቱም ሳይዘገይ መጀመር አለበት።

ስለ ሪፋምፒሲን ጓደኛዎ የሰማው ነገር መነሻ አለው። ሪፋምፒሲን ተኝተው ያሉ ስታፊሎኮከሶችን ጭምር መግደል ከሚችሉ ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ብረታቸው ጠብቆ የተቀመጠ፣ ኢንፌክሽናቸው ገና ያልቆየ፣ አካባቢውም በቀዶ ሕክምና የተጸዳላቸው ሰዎችን አነጻጽሯል። ሕክምናውን ከጨረሱት መካከል ሪፋምፒሲንን ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ጋር የወሰዱት 12ቱም ዳኑ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ብቻ ከወሰዱት 12 ሰዎች የዳኑት 7 ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ሕክምናውን የቀየረ ጥናት ነው።

ልብ ይበሉ፣ እዚያ ጥናት ላይ ማንም ሪፋምፒሲንን ብቻውን አልወሰደም። ብቻውን በፍጹም አይወሰድም። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን ለማምለጥ አንዲት የዘረመል ለውጥ ትበቃዋለች። ከአሥር እስከ መቶ ሚሊዮን ከሚሆኑ ባክቴሪያዎች አንዱ ይህ ለውጥ በተፈጥሮ ሊኖረው ይችላል። እግርዎ ውስጥ ያለው ሕዝብ ደግሞ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ብቻውን ከወሰዱት በቀናት ውስጥ ያ አንዱ ቦታውን ይወርሳል። ለስታፊሎኮከስ ያለንን ምርጥ መሣሪያ እስከመጨረሻው ሊያጡት ይችላሉ። ከሌላ መድኃኒት ጋር ቢሆንም፣ ኦፕሬሽኑ ሳይደረግ ወይም ቁስሉ ሳይደርቅ አይጀመርም። ሳይታወቅ የቆየ ቲቢ ካለ ደግሞ ሪፋምፒሲን ብቻውን የቲቢውንም ባክቴሪያ መድኃኒት ያላምደዋል። በዚያ ላይ ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። የደም ማቅጠኛ፣ የኤችአይቪ መድኃኒቶችና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ኃይል ይቀንሳል። ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ለእርስዎ በተለይ፣ ብረቱ በሙሉ ከወጣ ጭራሽ ላያስፈልግዎት ይችላል። የሚመታው ባዮፊልም ከብረቱ ጋር አብሮ ወጥቷልና።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ የሚወስዱት መድኃኒት በናሙናው ውጤት ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ 6 ሳምንት ያህል ነው። «መርፌ ካልሆነ አይሠራም» የሚል አመለካከት አለ፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ አምን ነበር። በ2019 በብሪታንያ 1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ይህን ቀይሮታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕክምናው ያልሠራላቸው፣ በደም ስር ከወሰዱት 14.6 በመቶ፣ በአፍ ከወሰዱት 13.2 በመቶ ነበሩ። በትክክል የተመረጠ ክኒን ይበቃል። ያንኑ ጥናት ስለ ገደቡም ልጥቀሰው፤ በጥሩ ሁኔታ የታከሙት እንኳ ሁሉም አልዳኑም። የአጥንት ኢንፌክሽን ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። መቶ በመቶ ይድናሉ የሚልዎትን ሰው አይመኑት።

ስለ ኢንዛይሞቹና ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ግልጽ ልሁን። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባዮፊልም የሚያፈርሱ ነገሮች በርካታ ናቸው። ያ ውጤት እውነት ነው። ግን ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሲዋጥ አብዛኛው እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። የነጭ ሽንኩርቱም ንጥረ ነገር ሳህኑ ላይ በነበረው መጠን ቅልጥምዎ ጋ አይደርስም። ለሞተ አጥንትና ለፕሌት እነዚህ እንክብሎች ይሠራሉ የሚል አስተማማኝ ጥናት አላየሁም። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ደም መርጋትን ሊቀንስ ስለሚችል፣ እየወሰዱ ከሆነ ለቀዶ ሐኪሙ መንገር ግዴታ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጉዳታቸው ሳይሆን የሚበሉት ጊዜ ነው። ስድስት ወር እንክብል ሲሞክሩ አጥንቱ ስድስት ወር ይበላል። ባክቴሪያን የሚበሉ ቫይረሶች፣ ፋጅ የሚባሉት፣ የተሻለ ተስፋ አላቸው። በ1917 ፌሊክስ ዴሬል ስም ከሰጣቸው ጀምሮ ይታወቃሉ፤ በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲም ከ1923 ጀምሮ የሚሠራባቸው ተቋም አለ። ዛሬም በተመረጡ ከባድ ታካሚዎች ላይ የሚሞከሩት ግን በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናና ከአንቲባዮቲክ ጋር ነው። የእርስዎ ሁኔታ እዚያ ደረጃ አልደረሰም።

ሲጋራውን ያቁሙ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ኒኮቲን ደም ስሮችን ያጠባል፤ የቅልጥም ፊት ደግሞ ቀድሞውኑ ሥጋውም ደሙም ስስ የሆነ ቦታ ነው። ከኦፕሬሽኑ በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ከኋላም አጥንቱና ቆዳው እስኪድን ድረስ ይራቁ። በእርስዎ እጅ ካሉ ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ስኳር የለብኝም ያሉትንም አንዴ በደም ምርመራ ያረጋግጡት። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይኖራል።

ኦፕሬሽን አልፈልግም ካሉስ? ምርጫው የእርስዎ ነው። ለማደንዘዣ አቅም የሌላቸው ሰዎች ረጅም ጊዜ አፋኝ መድኃኒት እየወሰዱ የሚኖሩበት መንገድ አለ። ያ ግን መዳን አይደለም። ለ38 ዓመት ጤነኛ ሰው አልመክረውም። ቀዳዳው ለብዙ ዓመታት ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ አልፎ አልፎ ዳርቻው ላይ የቆዳ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ቁስሉ መድማት፣ ሥጋ ማብቀል ወይም ከወትሮው የተለየ ሽታ ማምጣት ከጀመረ ቁራሽ ተወስዶ መመርመር አለበት።

ስለዚህ በዚህ ወር ውስጥ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ይዩ። የሚችሉ ከሆነ የአጥንት ኢንፌክሽን አዘውትሮ የሚያክምና ከኢንፌክሽን ሐኪም ጋር አብሮ የሚሠራ ይሁን። የድሮ ራጆችዎን፣ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የላቦራቶሪ ውጤቶችዎን ይዘው ይሂዱ። የመጀመሪያው ኦፕሬሽን የጽሑፍ ሪፖርት ከተገኘ ደግሞ እጅግ ይጠቅማል። የፕሌቱን ዓይነትና ሠሪውን ስለሚናገር፣ ሐኪሙ ለብሎኖቹ የሚገጥመውን መፍቻ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ተገቢው መፍቻ ጠፍቶ ብሎን አጥንት ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ፤ የቀረው ብሎን ደግሞ ለባዮፊልሙ ይበቃዋል። ብረቱ ከወጣ በኋላ የብሎኖቹ ቀዳዳ እስኪሞላ አጥንቱ ደካማ ስለሆነ፣ ሐኪምዎ እስኪፈቅድልዎ ድረስ አይሩጡ፤ ከባድ ነገርም አይሸከሙ።